የንግድ ሕግ በአባቴ ጉባኤ

የወደቅሁት በአንድ ትምህርት ብቻ ነበር። የሒሳብ መዝገብ አያያዙንም፣ የሒሳብ ምርመራውንም፣ ሌላውንም ሁሉ አልፌ በንግድ ሕግ ወደቅሁ። ውጤቱን የያዘው ፖስታ ከአዲስ አበባ የደረሰኝ መስቀል ካለፈ በሳምንቱ ነው። ጎንደር ፒያሳ፣ ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሜ ቀደድሁት። ከነጥቡ ሥር ፈታኙ በቀይ ቀለም አንድ መሥመር እንግሊዝኛ ጽፎበታል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ተፈታኟ ቃሉን አጥብቃ ይዛለች፤ የገባት ግን አይመስልም» ይላል።

ደጋግሜ አነበብሁት። የከነከነኝ ሐሰት ሆኖ ሳይሆን እውነት ሆኖ ነው።

ያን ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ጣልያን ሠርቶት በሄደ ቤት ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ክፍሉ ውስጥ አራት ጠረጴዛ አለ፤ ሦስቱ የወንዶች ናቸው፣ ከበሩ አጠገብ ያለው የእኔ ነው። የክፍሉ ሹም ጡረታ ሊወጡ ስለተቃረቡ፣ የሒሳብ አዋቂነት ምስክር ወረቀት ያገኘ ሰው ቦታውን ይይዛል ተብሎ ተነገረን። ወንዶቹ ሳቁ። አንደኛው «ማን በዚህ ዕድሜው ፈተና ይቀመጣል?» አለ። እኔ ግን ሳምንቱ ሳያልፍ በፖስታ ለሚያስተምር ትምህርት ቤት ጻፍሁ። በየወሩ በማባዣ የተባዛ ወረቀት ይልኩልኛል፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው።

የቁጥሩ ትምህርት አላስቸገረኝም። የሕጉ ወረቀት ሲመጣ ግን ቃላቱ አንድም ቀን ሰምቻቸው የማላውቃቸው ሆኑብኝ። ስለዚህ ያደግሁበትን ዘዴ ያዝሁ፤ በቃሌ ማጥናት። ጧት ጧት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት በቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዙሪያ፣ በጽዶቹ ሥር እየተመላለስሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ እደግመዋለሁ። ከዳር እስከ ዳር አንዲት ቃል ሳላዛንፍ መውጣት ችዬ ነበር። የአባቴ ተማሪዎች ሰምተው ሰምተው አንዳንዱን ቃል ይዘው በዜማ ይቀልዱብኝ ጀመር።

አባቴ የመጻሕፍት መምህር ነበሩ። ከቤታችን አጠገብ ካለው ወይራ ሥር በድንጋይ የተሠራ መደብ አለ፤ እሳቸው እዚያ ይቀመጣሉ፣ ከስሜን፣ ከደምቢያ፣ ከጎጃም የመጡ ተማሪዎች ዙሪያውን ይቀመጣሉ፤ አንዱ ንባቡን ያነባል፣ አባቴ «አንድም» እያሉ ይተረጉማሉ። እኔ ከዚያ መደብ አጠገብ ተወልጄ አድጌ አንድም ቀን ተቀምጬበት አላውቅም። ሴት ልጅ ከጉባኤ አትቀመጥም ነበር። የከለከለኝ ሰው የለም፤ የጠራኝም የለም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲከፈት አባቴ ራሳቸው እጄን ይዘው ወስደው አስገቡኝ፤ የእሳቸውን ትምህርት ግን ከአጥር ጀርባ ነው የሰማሁት። የብዙ ነገር መጀመሪያውን አውቃለሁ፣ መጨረሻውን አላውቅም።

ውጤቱ በመጣ ዕለት ከሥራ ስመለስ ተማሪዎቹ ወጥተው አባቴ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ወደቅሁ» አልኋቸው።

«በምኑ?»

«በሕጉ።»

«ጧት ጧት ስትደግሚው የምሰማው እሱን አይደለም እንዴ?»

«እሱን ነው።»

«እስቲ ከመካከሉ አንዱን በይልኝ።»

ስለ ውል የሚናገረውን ትንፋሽ ሳልወስድ በእንግሊዝኛ ወጣሁላቸው። ተማሪ ሲያነብ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ንባቡስ ያምራል» አሉ። «ትርጓሜው?»

«ውል ማለት… ሁለት ሰዎች…» ብዬ ጀመርሁና ቆምሁ።

ዓይናቸውን ገለጡ። «ንባብ ይዘሽ ሄደሽ ትርጓሜ ጠየቁሽ። እኔም ብሆን እጥልሽ ነበር።»

ዕንባዬ መጣ። እሳቸው ግን ተቆጥተው አልነበረም፤ እንዲያውም ነገሩ ደስ ያላቸው ይመስላሉ። «ይህ ሕግ በአማርኛ የለም?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አለ። በአማርኛም ታውጇል።»

«እንግዲያ እሱን አምጭልኝ።»

የአማርኛው ሕግ የሚገኘው ፍርድ ቤት ነበር። መዝገብ ቤቱን የሚጠብቁት ሰው መነጽራቸውን በክር ከጆሯቸው ያሰሩ፣ ቀጭን፣ ጥንቁቅ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ከአባቴ ዘንድ ጥቂት ወራት ተምረው ትተዋል። ለአባቴ ነው ብላቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉት።

«የኔታ የንግድ ሕግ ምን ያደርግላቸዋል? ሱቅ ሊከፍቱ ነው?»

«ሊያስተምሩኝ ነው።»

እንደ መቀለድ ብዬ ነበር የመለስሁላቸው። ሰውየው ግን አልሳቁም። የንግዱና የፍትሐ ብሔሩ ሕግ አብረው የተጠረዙበትን ወፍራም መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርደው በጋዜጣ ጠቀለሉልኝና «ለትንሣኤ ይመለሳል፤ ቅባት እንዳይነካው» አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እህል ከቀመስን ወዲያ፣ አባቴ ከወይራው ሥር ሆነው ጠሩኝ። አምስት ስድስት ተማሪዎች ተቀምጠዋል። መጽሐፉን ይዤ ዳር ላይ ቆምሁ። አባቴ በእጃቸው መደቡን ነካ ነካ አድርገው «እዚህ ተቀመጭ» አሉኝ።

ከተማሪዎቹ ሁሉ የሚበልጠው የአዲ አርቃይ ሰው ነበር፤ ዕድሜው ሠላሳ ያለፈ፣ ጺሙን ያሳደገ፣ በጥያቄ ማንንም የሚያፋጥጥ። እኔ ስቀመጥ እሱ ተነሣ።

«የኔታ፣ ሴት በጉባኤ?»

«ጉባኤው የማን ነው?» አሉት አባቴ።

«የእርስዎ ነው የኔታ።»

«እንግዲያ ቁጭ በል።»

ተቀመጠ። እኔም ማንበብ ጀመርሁ። ስለ ነጋዴ የሚናገረውን አለፍንና ስለ ማኅበር ከሚናገረው ደረስን። የንግድ ማኅበር በሕግ ዘንድ እንደ ሰው ይቆጠራል ከሚለው ቦታ ላይ ስደርስ አባቴ እጃቸውን አነሡ።

«ቁሚ። ማን ነው ሰው?»

«ማኅበሩ።»

«ማኅበርተኞቹ ለማለት ነው።»

«አይደለም። ማኅበርተኞቹ ሌላ፣ ማኅበሩ ሌላ ነው። ማኅበሩ በገዛ ስሙ ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ይገዛል፣ ይሸጣል።»

«ሥጋ አለው?»

«የለውም።»

«ነፍስስ?»

«የለውም።»

«ታዲያ ምኑ ነው ሰው?»

ለፈተናው ቃሉን በእንግሊዝኛ አሳምሬ ጽፌው ነበር፤ ምኑ ሰው እንደሆነ ግን ራሴን ጠይቄው አላውቅም። የአዲ አርቃዩ ሰው ጊዜ አላጠፋም፤ «የኔታ፣ ይህማ ክህደት ነው። ነባቢት ነፍስ የሌለችውን ሰው ማለት አይቻልም» ብሎ ተነሣ። ሌላው ደግሞ ሕግ አውጪዎቹ ሊቃውንት ስለሆኑ እንዲያው አይናገሩም አለ። ተነሥተው ተከራከሩ። አካልና ባሕርይ የሚሉት የጎንደር ሊቃውንት ዕድሜ ልካቸውን የሚነጋገሩበት ነገር ነው፤ ያን ዕለት ግን በአክሲዮን ማኅበር ምክንያት ተነሣ። አባቴ ሁሉንም ሰምተው በመጨረሻ «ይደር» አሉ። አባቴ ጥያቄ ሲያሳድሩ በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወደ ሥራ ስወጣ ከበሩ ላይ ጠበቁኝ።

«አገኘሁት» አሉ። «ንጉሥ አንዱን ሰው ደጃዝማች ነህ ሲለው፣ የሰውየው ተፈጥሮ ተለወጠ?»

«አልተለወጠም።»

«ምን ተጨመረለት ታዲያ?»

«ስም። ሥልጣንም።»

«ማኅበሩም እንደዚያው ነው። በባሕርይ ሰው የሆነ አለ፤ እኔና አንቺ። በጸጋ ሰው የተባለ አለ፤ ማኅበሩ። ሕግ ስም ሰጠው፣ ከስሙ ጋር ሥልጣን ሰጠው። ሕግ የሰጠውን ሕግ ይነሳዋል። አያገባም፣ አይወልድም፣ አይቆርብም፤ የተሰጠው መክሰስና መከሰስ፣ መግዛትና መሸጥ ነው። ከተሰጠው አያልፍም።»

ቆሜ ቀረሁ። ስድስት ወር ሙሉ ስደግመው የኖርሁት ቃል በአንድ አፍታ ቦታ ቦታውን ያዘ። ማኅበርተኛው ሲሞት ማኅበሩ ለምን እንደማይሞት፣ ሥራ አስኪያጁ ሲፈርም በማን ስም እንደሚፈርም፣ ሁሉም ከዚያች ነገር ተመዘዘልኝ። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አርፍጄ ገባሁ። ሹሙ ምን ነካሽ ቢሉኝ መዝገቤን ገልጬ ሥራዬን ጀመርሁ።

ከዚያ በኋላ በጋውን ሁሉ እሑድና ከሥራ መልስ፣ ፀሐይዋ ቁስቋምን ካሠሩት እቴጌ ፍርስራሽ ግንብ ጀርባ እስክትገባ ድረስ፣ ከወይራው ሥር እቀመጥ ነበር። ንባቡን እኔ አነባለሁ፣ እኔው እተረጉማለሁ፣ አባቴ ያቃናሉ፣ ተማሪዎቹ ይጠይቃሉ። እናቴ ለጥቂት ሳምንታት ከበር ሆና ታየን ነበር። አንድ እሑድ እንዝርቷን ይዛ መጥታ ከአጠገቤ ተቀመጠች። አባቴ ቀና ብለው አዩዋት። «ምነው፣ ለልጂቱ የተፈቀደ ለናቲቱ ተከለከለ?» አለች። ጥጧን እየፈተለች ሰማች፤ ከዚያም ወዲያ አንድ እሑድ አልቀረችም።

የአዲ አርቃዩ ሰው የመጀመሪያውን ቁጣውን ትቶ ተቃዋሚ መሆንን ሥራዬ ብሎ ያዘው። «እኔ ከሳሽ ነኝ፣ አንቺ ተከሳሽ» ይለኛል፤ በማግስቱ ይገለብጠዋል። ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ውል ያፈረሰን ሰው ነፃ ያወጣዋል የሚለው ላይ ስንደርስ ግን ፊቱ ተለወጠ። ወንድሙ የጭነት መኪና ነበረው። በአንድ ክረምት የሰው ማር ጭኖ ወደ ጎንደር ሲመጣ ሊማሊሞ ላይ ናዳ መንገዱን ዘግቶት ብዙ ቀን ቆመ፤ ማሩ ፈሰሰ፣ ባለ ማሮቹ ከሰሱት።

«ናዳውን ወንድሜ አላመጣው! ከዚህ የበለጠ ከአቅም በላይ ምን አለ?» አለኝ።

መጽሐፉን ደግሜ አነበብሁ። «አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል መሆን አለበት ይላል። ሊማሊሞ በክረምት ናዳ እንደሚወርድበት ወንድምህ አያውቅም ነበር?»

«ማን የማያውቅ አለ?»

«እንግዲያ የታሰበ ነገር ነው።»

ጺሙን ያዝ አደረገ። «በበጋ ቢሆንስ ኖሮ?» አለኝ።

«በበጋ ቢሆን ያሸንፍ ነበር።»

«እንዲህ ብሎ ያስረዳው ሰው ቢኖር እኮ እስከ ዛሬ ዳኛውን አይረግምም ነበር» አለና ሳቀ። ሁላችንም ሳቅን።

አባቴን ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኛቸው አንድ ቃል ነው። ከማኅበሮቹ መካከል ማኅበርተኞቹ ብቻ የሚያውቁት፣ ለሌላ ሰው የማይገለጥ፣ የሰውነትም መብት የሌለው አንድ ዓይነት አለ። መጽሐፉ «የእሽሙር ማኅበር» ይለዋል። ይህን ሳነብ አባቴ «ድገሚው» አሉኝ። ደገምሁት። መደቡን በመዳፋቸው እየመቱ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«እሽሙር ያው አሽሙር ነው። አሽሙር ምንድር ነው? ለሚያውቀው የሚሰማ፣ ለማያውቀው የሚያልፍ ነገር! ማኅበሩም እንዲያ ነው። ይህን የተረጎመው ሰው ከእኛው ቤት የወጣ ነው፤ ወይራ ሥር ተቀምጦ ያውቃል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፉን እንደ ዘመድ ያዩት ጀመር። ስነሣ በጋዜጣው ራሳቸው ይጠቀልሉታል።

ጥር ላይ አባቴ በቅሎ ገዙ። ጉልበታቸው እየደከመ ቁልቁለቱ ስለ ከበዳቸው ነው። ከአዲ አርቃዩ ሰው ጋር ቆላ ድባ ገበያ ወርደው አንዲት ቡላ በቅሎ ይዘው መጡ። ሸጋ በቅሎ ነበረች፤ እርጋታዋም እንደ ሽማግሌ ነው። ሁለት ቀን ቆይተን በግራዋ በኩል ሰው ሲጠጋት እንደምትደነግጥ አየን። እናቴ ጉንጯን ይዛ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዞረችና «ይች በቅሎ በግራ ዓይኗ አታይም። ሞራ ጋርዶታል» አለች። ነጩ ከሩቅ ይታያል።

አባቴ ተቆጡ። የሚቀጥለው ገበያ ቅዳሜ ስለ ነበር፣ እኔም ከሥራ ቀድሜ ወጥቼ አብሬያቸው ወረድሁ። ሻጩን ከከብቱ ተራ አገኘናቸው። የደምቢያ ገበሬ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከአባቴ አይተናነስም። በቅሎዋን ሲያዩ ገባቸው።

«ምነው የኔታ፣ ምን አጠፋች?» አሉ።

«ዕውር ሸጠህልኝ ምን አጠፋች ትላለህ? ነውር ያለበት ዕቃ የሸጠ ይመልሳል። ሕግ ነው። ልጄ ሕጉን ታውቀዋለች፣ ጠይቃት።»

በዙሪያችን ሰው ተሰበሰበ። አባቴ እኔን አዩኝ። እኔ ግን የሕጉን ቀጣይ ቃል አውቀዋለሁ።

«አያ» አልኋቸው ሻጩን፣ «ሲሸጡ ነውር የለባትም ብለው ነበር?»

«አላልሁም። የማርያም ወዳጅ ነኝ፣ አልዋሽም። ሸጋ በቅሎ ናት ነው ያልሁ። ሸጋ አይደለችም?»

ወደ አዲ አርቃዩ ሰው ዞርሁ። «እንዲህ ብቻ ነው ያሉት?»

«እንዲህ ብቻ ነው ያሉት» አለ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«እንግዲያ አባቴ፣ አይመልሱልዎትም» አልሁ። «ተመልክቶ የሚታይ ነውር ከሆነ ገዢው ማየት ነበረበት። ሻጩ ነውር የለባትም ብሎ ካላረጋገጠ በቀር ኃላፊ አይሆንም። ሸጋ ናት ማለት ደግሞ ማመስገን ነው እንጂ ማረጋገጥ አይደለም። ሞራው ከሩቅ ይታያል።»

አባቴ አንድ ጊዜ በቅሎዋን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። ከዚያ ፊታቸው ሲበራ አየሁት፤ ተማሪ ንባቡን ሲያቀና የሚበራውን ያህል።

«ፈረደችብኝ!» አሉ ለሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ያስተማርኋት እኔ፣ የፈረደችብኝ እሷ!» ስቀው ትከሻዬን ያዙኝ። «የኔ ዓይን በመጽሐፍ ደክሟል፣ የበቅሎዋም በሞራ። አብረን እንኖራለን።»

ሻጩ ግን አፍረው ቆሙ። «ሕጉ መልስ ባይለኝም እንዲሁ አልሰድዎትም» ብለው ሽምብራ በአቁማዳ አሸከሙን። ቤት ስንደርስ እናቴ ነገሩን ሁሉ ሰምታ «ስትገዙ እኔን ይዛችሁ መሄድ ነበር፤ የኔ ሁለቱም ዓይን ደኅና ነው» አለች። በቅሎዋ ለብዙ ዓመት አገለገለች። አባቴ ሲጠጓት ከቀኟ ነው የሚመጡት።

ለትንሣኤ መጽሐፉን እንደ ቃሌ መለስሁ። ከመጨረሻው ስለ ኪሳራ የሚናገረውን ክፍል ሳናይ ቀረን፤ ጊዜው አልበቃንም። ፈተናው ግንቦት ላይ በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ሆነ። አምስት ነበርን፤ ሌሎቹ አራቱ ወንዶች ናቸው። የሚጠብቀን አንድ ሕንዳዊ መምህር ነበር፤ ወረቀቱን ሲሰጠኝ በትሕትና ራሱን ነቀነቀልኝ። አባቴ አልሸኙኝም፤ ተማሪ ሲጠብቃቸው የትም አይሄዱም። ስወጣ ብቻ «ሳይገባሽ አትጻፊ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ማኅበርና ማኅበርተኞቹ በምን እንደሚለያዩ አስረጂ የሚል ነው። ወዲያው አልጻፍሁም። ነገሩን በአማርኛ ከራስ እስከ እግሩ አሰብሁት፤ ጠያቂውም መላሹም ራሴ ሆንሁ። ከዚያ በራሴ እንግሊዝኛ፣ በአጭር በአጭሩ ጻፍሁት። ከተባዛው ወረቀት የወሰድሁት አንድ ዓረፍተ ነገር አልነበረበትም። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እንዲሁ ሠራሁ። አራተኛው የመጣው ከኪሳራ ነው። ያልገባኝን አልጽፍም ብዬ ለጥቂት ጊዜ ቆየሁ። ኋላ ግን ባዶ መተው አልሆነልኝም፤ ከዓመት በፊት የሸመደድሁትን ቃል እንዳለ ጻፍሁለት። ለአባቴ ይህን ስነግራቸው «እሱስ ቢሆን አይገርምም፣ ሰው ነሽ» አሉ።

ውጤቱ የመጣው በነሐሴ ዝናብ ነው። ፖስታውን ነጠላዬ ውስጥ ሸጉጬ ዳገቱን ወጣሁ። ጉባኤው በዝናቡ ምክንያት ቤት ውስጥ ነበር፤ ተማሪዎቹ ጭቃ እግራቸውን ሰብስበው ግድግዳውን ተደግፈዋል። የቤቱ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ሆነ።

«አለፍሁ» አልሁ።

እናቴ እልል አለች። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። የአዲ አርቃዩ ሰው «ከሳሽ ተረታ!» ብሎ ጮኸ። አባቴ ግን እጃቸውን ዘረጉና ወረቀቱን ተቀብለው፣ እንግሊዝኛ ባያነቡም፣ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ፈታኙ ምን አለ?»

«ምንም አላለም። ነጥቡን ብቻ ነው የጻፈው። ብዙም አይደለም፣ ግን ያሳልፋል።»

«እንዴት ምንም አይልም? ስትወድቂ ቃል የጻፈ ሰው ስታልፊ ዝም ይላል?» ከልባቸው አዘኑ። ወረቀቱን መልሰው ከሰጡኝ በኋላ ጥቂት አሰቡና «ቀለም ቢቆጥብ ነው» አሉ።

መስከረም ላይ ሹሙ ጡረታ ወጡ። ቁልፉን ለእኔ አስረክበው ወንበራቸውን በእጃቸው ጠረጉልኝ። ከባልደረቦቼ አንዱ ለጥቂት ሳምንት ፊቱን አዞረብኝ፤ ኋላ ለመደኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ እሱም ለዚያው ትምህርት ቤት ጽፎ የሕጉ ወረቀት ሲደርሰው ወደ ጠረጴዛዬ ይዞት መጣ። «ትርጓሜው ምንድር ነው?» ስለው ግራ ገብቶት አየኝ። ምሳ ሰዓት ላይ አብረን ማንበብ ጀመርን።

አባቴ ግን እኔ አልፌም አልተዉኝም። ጥቅምት ሲገባ ዝናቡ ቆሞ ጉባኤው ወደ ውጭ ሲመለስ «ያን የኪሳራውን ነገር ሳናይ ቀረን» አሉኝ። ፈተና የለብኝም ብላቸው «መጽሐፍ ተጀምሮ አይተውም» አሉ። ወደ ፍርድ ቤት ሄጄ መጽሐፉን ዳግመኛ ብጠይቅ መዝገብ ቤቱን የሚጠብቁት ሰው አሰቡ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መለሱ። «መጽሐፉን አላወጣም» አሉ። «እሑድ እኔው ራሴ ይዤው እመጣለሁ።»

መጡ። በጋዜጣ ጠቅልለው፣ በብብታቸው ይዘው፣ ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው መጡ። በልጅነታቸው የተዉትን ጉባኤ ሲገቡ የአባቴን ጉልበት ሳሙ። አባቴ በስማቸው ጠርተው «ረጅም ዕረፍት ወሰድህ» አሏቸው። ሰውየው እንደ ተማሪ ከዳር ተቀመጡ፤ መጽሐፉን ለእኔ ሰጡኝ፣ እናቴ እንዝርቷን አሾረች፣ እኔም ንግዱ የወደቀበት ሰው ለፍርድ ቤት ምን ምን ማስታወቅ እንዳለበት ከሚናገረው ቦታ ጀምሬ ማንበብ ቀጠልሁ። ከሁለት ሦስት መሥመር በኋላ አባቴ እጃቸውን አነሡ፤ ጥያቄ ነበራቸው።